አረንጓዴው ለቤተሰብ ነው

ፊልም ሊጀምር ሲል ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ብቅ የምትለዋን የዕድሜ ቁጥር ሳይ ያቅለሸልሸኛል። ከዚህ ዕድሜ በታች ለሆኑ አይመከርም ትላለች። ማን ነው የማይመክረው? ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አይቶታል ወይስ ሽፋኑን ገልመጥ አድርጎ ቁጥሩን ጣል አደረገበት? ልጆቼ «እማዬ ደግሞ ጀመራት» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ የተጻፈ ነገር ሁሉ ሰው አይቶና አስቦ የጻፈው ይመስላቸዋል። እኔ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍ ያወቅኩት መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ ባደግኩበት ቤት ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ዕቃ ከየአቅጣጫው ይገባል። ትናንት ሬዲዮ እንኳ ያልነበረው ቤት ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ገዝቶ ከላዩ ዳንቴል ያለብሳል። የፊልም ካሴት የሚያከራዩ ሱቆችም እንደ አሸን ፈሉ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናትና አባታችን ስላረፉ የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ይላታል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ እትዬ ነበር የምላት። አላገባችም፣ አልወለደችም። ለሸማ ተራ ነጋዴዎች የነጠላ ጫፍ እየቋጨች ነበር የምታኖረኝ።

ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ወደ መንገዱ የምትከፈት አንዲት ክፍል ነበረችን። አባታችን በሕይወት ሳለ ባዶ ጆንያ ይከምርባት ነበር። እህቴ አጸዳቻት፣ ኖራ ቀባቻት፣ ወለሏ ላይ ጅባ አነጠፈችባት፣ ቴሌቪዥናችንንና ዴካችንን አስገባችባት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የበርበሬ ቀንጣሾቹን ልጆች እየሰበሰበች ፊልም ታሳያቸዋለች።

በርበሬ በረንዳ ሄዶ የማያውቅ ሰው ይህች ክፍል ለምን እንዳስፈለገች አይገባው ይሆናል። እዚያ ለጅምላ ነጋዴዎቹ ዛላ የሚቀነጥሱ ሴቶች አሉ። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጠው የበርበሬውን ጭራ ይነቅላሉ። ብናኙ ሰው ያፍናል። ትልቅ ሰው ይለምደዋል፤ በነጠላው አፍንጫውን ሸፍኖ ይውላል። ልጅ ግን ዓይኑን ያሻል፤ ሲያሸው ይብስበታል፤ ሲብስበት ያለቅሳል፤ እናቱም በበርበሬ እጇ ልታብስለት አትችልም። ቅዳሜ ደግሞ ትምህርት ቤት የለም፣ ገበያው ግን የሚደራው ያን ዕለት ነው። እህቴ አንድ ቅዳሜ በርበሬ ልትገዛ ሄዳ ዓይናቸው ያበጠ ሕፃናት አይታ መጣች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩን ከፈተችላቸው።

መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ፤ ወዲያው ክፍሏ ጢም አለች። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ፣ የጉራጌውም የስልጤውም ልጅ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ይገባል። እጅ ሳይታጠቡ መግባት ክልክል ነበር። እናቶቹ ሲኖራቸው ለመብራት የሚሆን ነገር ይሰጧታል፤ ሳይኖራቸው ይመርቋታል። ምርቃቱን የበለጠ ትወደው ነበር መሰለኝ። ማታ ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ «እትዬ፣ ልጅ አልወለድኩም እንዳትዪ፤ እነዚህ ሁሉ ያንቺ ናቸው» ሲሏት ፊቷ ይበራል። በዚያች ክፍል ነው ሰው የሆነችው ብል ማጋነን አይደለም። ከዚያ በፊት ነጠላ ቋጪዋ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጅ የሚታመንባት ሴት ሆነች።

ከልጆቹ መካከል አንዲት ሴት ልጅ ነበረች፤ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ከቀንጣሾቹ አንዷ ናት፤ ከኛ ጀርባ ባለው ግቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ልጅቷ ሁልጊዜ ቀድማ ትመጣና ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ትቀመጣለች። እህቴ እየጎተተች ወደ ኋላ ታመጣታለች፤ እሷ ደግሞ በቂጧ እየተንፏቀቀች ትመለሳለች።

እህቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። መጀመሪያ አካባቢ ካሴቱን ዓርብ ዕለት ታመጣና እየቋጨች እስከ መጨረሻው ታየው ነበር። ልጆቹ ግን ያየነው ነው፣ ሌላ ካልመጣ ሲሏት ሁሉንም ቀድማ የማየት ጊዜ አጣች። ያኔ ነው ሲኒማ ራስ ጋ የነበረው ካሴት አከራይ ያሳመናት። ሰውየው ጥርሱ ነጭ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሴት ስትገባ ከወንበሩ ብድግ የሚል ነበር። ሴቱን ሁሉ እናትዬ ይላል። ካሴቶቹ ጀርባ ላይ ተቆርጣ የተለጠፈች ትንሽ ባለቀለም ወረቀት አለች፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ በትልልቁ የተጻፈ ሰሌዳ። «አረንጓዴ፣ ለቤተሰብ። ቀይ፣ ከ18 ዓመት በላይ። አይተን እንለጥፋለን» ይላል። በዚያን ጊዜ መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰሌዳ የሰቀለ ሌላ ሱቅ አላውቅም። ሰውየው ይኮራበት ነበር፣ እኛም ኮርተንበታል።

«እንዲያው ልጆች ስለሆኑ ነው የምጠይቅህ» አለችው እህቴ አንድ ቀን፣ እኔ አብሬያት ቆሜ። «ክፉ ነገር የለበትም አይደል?»

«እናትዬ፣ አረንጓዴ ያለበትን እንደ ጸበል ጠጪው» አላት። «እኛ እኮ አይተን ነው የምንለጥፈው። እኔም የልጆች አባት ነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አረንጓዴ አይታ ትወስዳለች። ጨዋ ሰው የጻፈውን አመነች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም።

ያን ቅዳሜ ያመጣችው ካሴት ሽፋኑ ላይ ነጭ ቤት፣ አበባ የሞላበት ግቢና አንዲት ፈገግ ያለች ሴት ነበሩ። ጀርባው ላይ አረንጓዴዋ ወረቀት። ፊልሙ ሲጀምር ደስ ይል ነበር። ሴትየዋ ኬክ ታቦካለች፤ ትንሿ ልጇ ዱቄቱን ፊቷ ላይ ትቀባና ትስቃለች። የኛዎቹም አብረው ሳቁ። እህቴ ይህን አይታ፣ እሷም ሳቅ ብላ፣ ያጠብነውን ልብስ ልናሰጣ እኔን ይዛኝ ወደ ጓሮ ወጣች።

አንሶላውን ይዘን እየወጠርን ሳለ ክፍሉ ዝም አለ። ያ ሁሉ ልጅ ያለበት ቤት እንዲያ ዝም አይልም። እህቴ አንሶላውን ለቀቀችውና ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። ስንገባ ኬኩ የለም፣ ሳቁ የለም። አባትየው ነው መሰለኝ፣ መጥረቢያ ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ሴትየዋ ወለሉ ላይ ተዘርራለች፤ እንዴት እንደተዘረረች አልጽፈውም። ልጅቷ አልጋ ሥር ተደብቃ አፏን በሁለት እጇ አፍናለች። የሰውየው ጫማ አልጋው አጠገብ መጥቶ ቆመ። እህቴ የዴኩን ቁልፍ ደጋግማ ተጫነችው፤ እምቢ አላት። ሪሞቱ ድንጋይ አልነበረውም። በመጨረሻ ገመዱን ከነሶኬቱ ነቅላ ወረወረችው፤ ግን የሰውየው እጅ ወርዶ የልጅቷን እግር ይዞ ሲጎትት ሁላችንም አይተናል።

ትልልቆቹ ልጆች «እትዬ አብሪው! አሁን እኮ ነው የሚያምረው!» እያሉ ጮኹ። ትንንሾቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። አንዱ ሱሪውን አርጥቧል። ከፊት የተቀመጠችው የጀርባ ጎረቤታችን ልጅ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ጥቁር የሆነውን መስታወት እያየች፣

«ልጅቷ ወጣች?» አለች።

«ወጣች የኔ ዓለም፣ ወጣች» አለቻት እህቴ፣ እያቀፈቻት።

«በየት በኩል?»

እህቴ አንሥታ አዘለቻት።

እናቶቹ ሲመጡ እህቴ አንድ በአንድ፣ በር ላይ እያስቆመች የሆነውን ነገረቻቸው። እያለቀሰች ነበር። ደክሟቸዋል፣ እጃቸው በበርበሬ ይቃጠላል፤ «ፊልም አይደል እንዴ እትዬ፣ ይረሱታል» እያሉ ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። ሰኞ ማለዳ ግን እህቴ ከጀርባችን ወዳለው ግቢ ብቅ ስትል ልጅቷን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት፤ ዓይኗ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። እናቷ እህቴን ወደ ጥግ ጎትታ በሹክሹክታ ነገረቻት። ክፍላቸው ጠባብ ስለሆነ የልጅቷ መኝታ የእናቷ አልጋ ሥር ነው። ከተወለደች ጀምሮ የምትተኛው እዚያ ነበር፤ ፍራሿም እዚያ ነው። አሁን ግን አልገባም ብላ በሩን ይዛ ትጮኻለች። አልጋው ላይ ሲያወጧትም ከሥር ሰው አለ እያለች እንደተቀመጠች ታነጋለች።

እህቴ ይህን ሰምታ ቤት አልተመለሰችም። ካሴቱን በነጠላዋ ሸፍና በቀጥታ ሲኒማ ራስ ሄደች። ትምህርት ቤቴን ትቼ አብሬያት ሄድኩ፤ ብቻዋን ብትሄድ ሰውየውን ትነክሰዋለች ብዬ ነበር የፈራሁት።

ሰውየው እንደ ልማዱ ብድግ አለ። እህቴ ካሴቱን ባንኮኒው ላይ አኖረችና፣

«ይህን ማን አየው?» አለችው።

«የቱን እናትዬ?»

«ይህን። አይተን እንለጥፋለን ብለሃል። ማን ነው ያየው? ጥራልኝና ላነጋግረው።»

ሰውየው ካሴቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው፤ አላወቀውም። ከዚያ ሳቅ አለና፣ ሌላ ደንበኛ አለመኖሩን አረጋግጦ፣ ወንበር ሰጣት። የነገራትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ምንም ሳያፍር ነው የነገራት፣ እንዲያውም እንደ ትልቅ የንግድ ብልሃት።

«አንቺ ጨዋ ሰው ስለሆንሽ እውነቱን ልንገርሽ» አላት። «ቀዩን እናያለን። በደንብ ነው የምናየው። ምክንያቱም ቀይ ለጥፌ ውስጡ ቀይ ነገር ከሌለ ጎረምሳው ተመልሶ መስታወቴን ይሰብረዋል። አረንጓዴውን ግን ለምን አያለሁ? አልወጣ ያለ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ካሴት ካለ አረንጓዴ እለጥፍበታለሁ፤ በዓል ሲደርስ ቤተሰብ ይወስደዋል።»

«ክፉ ነገር ቢኖርበትስ?»

«ቢኖርበትስ? አባት ከልጆቹ፣ ሚስት ከአማቷ ጋር ተቀምጠው ነውር ነገር ቢያዩ፣ በነጋታው መጥተው እንዲህ ያለ ነገር አየን ይሉኛል? ማን ደፍሮ? አጠንጥነው፣ በፌስታል ጠቅልለው ይመልሱልኛል። እንዲያውም አንዳንዱ ዓይኔን አያየኝም። ይኸው ስንት ዘመኔ፣ በአረንጓዴ የተጣላኝ ሰው የለም።»

«እኔ መጣሁ እኮ» አለች እህቴ።

«አዎ» አለ፣ ከልቡ የተገረመ መስሎ። «አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ከዚያ ከመደርደሪያው ሌላ ካሴት አወረደ፤ ባለ አረንጓዴ። ይህንን በነጻ ውሰጂ፣ ልጆቹ ይርሱት አላት። እህቴ «ይህንንስ አይተኸዋል?» ስትለው አንገቱን ሰበር አድርጎ ሳቀ። የተተኮሰው ሸሚዙ፣ ሽቶው፣ ያ ነጭ ጥርሱ፣ ሁሉም አንድ ላይ አስጠላኝ። እህቴ የመጀመሪያውን ካሴት መልሳ ከነጠላዋ ሥር ከተተችውና ወጣን።

በዚያው ሳምንት እናቶቹን ቤት ለቤት ዞረች። አብረን ቀበሌ እንሂድ፣ ልጆቻችን ያዩትን እንናገር፣ ይህ ሰው ሰሌዳውን ያውርድ ወይም የጻፈውን ይፈጽም ነው የምትላቸው። ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም። እኔ ያኔ ነው የሰው ልጅ ምን ያህል ሊዋሽ እንደሚችል ያየሁት። አንዷ የኔ ልጅ ያኔ ተኝቶ ነበር አለች። ሌላዋም የኔም ተኝቶ ነበር። የሦስተኛዋ ልጅም እንዲሁ ተኝቷል። ያ ሁሉ ልጅ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ጥሎት ነበር ማለት ነው! ሱሪውን ያረጠበው ልጅ እናት ደግሞ ውኃ ደፍቶበት ነው አለች። አንዲት ትንሽ ገር የሆነች ሴት ብቻ «እትዬ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ልጄ እንዲህ ዓይነት ነገር አየ ከተባለ ሰፈሩ ምን ይለኛል?» ብላ እውነቱን ነገረችን።

ከጀርባችን የምትኖረው የልጅቷ እናት ግን የባሰች ሆነች። በሹክሹክታ የነገረችን ሴት፣ በሌሎቹ ፊት ስንጠይቃት «የኔ ልጅ ያን ቀን አልመጣችም» አለች። ቀና ብላም አላየችን። ልጅቷ እዚያው በሩ ጋ ቁጭ ብላ በቀይ ዓይኗ እያየችን ነበር።

ስንመለስ «ተያት» አለችኝ እህቴ። «ልጅቷ ትጮኻለች ከተባለ ሰይጣን ለክፏታል ይሏታል። ነገ ማን ከሷ ጋር ልጁን ያጫውታል? እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ሄደች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብላት አልሰማ አለችኝ።

ቀበሌው ሦስት ሰዎች መደበላት፤ ሊቀመንበሩን፣ ጸሐፊውንና አንድ ስለ ሥነ ምግባር ያገባኛል የሚል ወፍራም ሽማግሌ። እህቴ ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ሰሌዳውን፣ ወረቀቶቹን፣ ሰውየው የነገራትን። በደንብ አዳመጧት። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«ጉዳዩ ከባድ ነው» አለ። «ማስረጃውን ሳናይ ውሳኔ መስጠት አንችልም።»

«እውነት ነው፣ ይዩት» አለች እህቴ። ደስ አላት። በመጨረሻ አይቶ የሚፈርድ ሰው አገኘሁ ብላ ነበር።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ የቀበሌው መዝናኛ ቤት ተዘጋ። ሦስት የነበሩት ዳኞች ሰባት ስምንት ሆነው መጡ፤ አንዱ ቆሎ ይዟል፣ አንዱ ለስላሳ አስመጣ። እኔና እህቴ ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ከውስጥ መጀመሪያ የልጅቷ ሳቅ ተሰማ፤ ኬክ የሚቦካበት ቦታ መሆን አለበት። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ከጩኸቱ በላይ ደግሞ የዳኞቹ ድምፅ። «ከኋላሽ! ከኋላሽ አንቺ!» ይላል አንዱ። «ዋ! ዋ! አገኛት!» ይላል ሌላው። ይስቃሉ። እህቴ ጆሮዋን አልያዘችም፤ ነጠላዋን እየጠቀለለች መሬት መሬት ታያለች። ሲያልቅ ይወጣሉ ስንል ካሴቱ ወደ ኋላ ሲጠነጠን ሰማን። ያ ወፍራም ሽማግሌ «ያቺን ቦታ በደንብ ለማረጋገጥ» አለ። ደግመው አዩት። ያን ጊዜ ተነሥቼ አጥሩ ሥር ሄጄ አስመለሰኝ። ምሳ አልበላሁም ነበር፤ የወጣው መራራ ውኃ ብቻ ነው።

ሲወጡ ዓይናቸው ያበራ ነበር። ሊቀመንበሩ ፊቱን አኮሳትሮ እህቴን አስጠራት።

«ፊልሙ በእርግጥ ለሕፃናት የሚሆን አይደለም» አላት። «ልክ ነሽ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«ለሕፃናቱ ያሳየው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ፈቃድ ነበረሽ?»

እህቴ አልገባትም። «ልጆቹን እኮ ከበርበሬው ለማስጠለል ነው…»

«ፈቃድ ነበረሽ ወይ ነው የምልሽ።»

«የለኝም።»

«ይኸውልህ» አለ ወደ ጸሐፊው ዞር ብሎ። ክፍሏ እንድትታሸግ ተወሰነ። ሰውየውስ ብትላቸው፣ እሱ ያከራየው የንግድ ፈቃድ ኖሮት ነው፣ ያሳየው ግን እሱ አይደለም አሏት። ወረቀቱስ ስትላቸው ደግሞ፣ ወረቀት ላይ ምን ቀለም ይለጠፍ የሚል መመሪያ አልደረሰንም ተባለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ የተቀጣችው የሆነውን ራሷ መጥታ የተናገረችው ብቻ ናት። ዝም ብትል ኖሮ ክፍሏ እስከ ዛሬ ክፍት ነበረች።

በዚያው ዕለት መጥተው በሩን አሸጉት። ካሴቱ ለባለቤቱ ተመለሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሱቁ በኩል አለፍኩ። ካሴቱ መስታወቱ ላይ፣ ከፊት ተደርድሯል፤ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ «ቀበሌ የከለከለው» ይላል። ጎረምሶች ተራ ይዘው ይጠብቁታል። አሁንስ በትክክል ተለጠፈ፤ አይተውት ነዋ! ያየውም አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የቀበሌው ኮሚቴ በሙሉ ነው። አከራዩ ሲያየኝ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝ። መሬት ላይ እትፍ ብዬ አለፍኩ፤ እህቴ ብታየኝ ትቆጣኝ ነበር።

ሰፈሩ እህቴን መሸሽ ጀመረ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ብቻ ሴቶቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ጎንበስ ብለው የሚያነሡት ነገር ይወድቅባቸዋል፣ ወይም መንገድ ያቋርጣሉ። ልጆቹ እትዬ ብለው ሊሮጡ ሲሉ እጃቸው ይያዛል። ቅዳሜ ከሰዓት በታሸገው በር አጠገብ በርጩማ አውጥታ እየቋጨች ትቀመጣለች፤ ማንም አይመጣም። ክሩ ይተበተብባት ጀመር፤ ነጋዴዎቹ ነጠላውን መመለስ አበዙ። እኔ በንዴት በግኜ «እነዚህ ሴቶች ይድፋቸው!» ስል «አትራገሚ፣ ልጆች አሏቸው» ትለኛለች።

ለበዓል በርበሬ ያስፈልገን ስለነበር አንድ ቅዳሜ አብረን በርበሬ በረንዳ ሄድን። ቀንጣሾቹ እንደ ልማዳቸው ተደርድረው ተቀምጠዋል። ልጆቹም እዚያው ናቸው፤ ጆንያ ላይ ተኝተዋል፣ ያስነጥሳሉ፣ ዓይናቸውን ያሻሉ። እህቴን ሲያዩ ሴቶቹ ሁሉ ወደ ዛላቸው አጎነበሱ። እሷ ግን አላለፈችም። ከጀርባችን ከምትኖረው ሴት ፊት ሄዳ ቁጭ አለች። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች፤ ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ራሷ ወደ ፊት ወደ ፊት ይወድቃል፣ ሊወስዳት ሲል ብንን ትላለች።

«እንዴት ከረማችሁ?» አለች እህቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሴትየዋ ቀስ ብላ፣ ጎረቤቶቿ እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ እኔ አንቺን ጠልቼ አይደለም» አለች። «ሁላችንም እኮ አይተናል። ልጆቻችን አንቺ ቤት ብቻ አይደለም፣ በየዘመዱ ቤት ከዚያ የከፋም አይተዋል፤ አረንጓዴም ይኑረው ቀይ። ዝም አይነቅዝም ብለን ዝም አልን። አንቺ ለምን ተናገርሽ?»

እህቴ አልተቆጣችም። የልጅቷን ጉልበት በመዳፏ ነካ አደረገችና፣

«አሁን ትተኛለች?» ብላ ጠየቀቻት።

ሴትየዋ አንድ ዛላ አንሥታ ጭራውን ነቀለችው።

«አትተኛም» አለች። «ግን ማንም አላወቀብንም።»